ግንብና አምባ

የመሳፍንት መኖሪያና ምሽግ በአንድነት የሆነው የድንጋይ ግንብ የተስፋፋው በአውሮፓ ነው፤ ዘመኑም ከ9ኛውና ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ሰፊው የሻርለማኝ መንግሥት ተከፋፍሎ የመሃል አገሩ ሥልጣን ሲላላ፣ ከሰሜን በመርከብ የሚመጡት ቫይኪንጎችም መንደር እየዘረፉ ሲያቃጥሉ፣ እያንዳንዱ መስፍን ራሱን በራሱ መጠበቅ ግድ ሆነበት። መጀመሪያ አፈር ተቆልሎ ጉብታ ይሠራል፤ በላዩ የእንጨት ማማ ይቆማል፤ ዙሪያው በአጥርና በጥልቅ ቦይ ይከበባል። እንጨቱን እሳት እየበላው ስላስቸገረ ቀስ በቀስ ድንጋይ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል የመታው የኖርማንዲው ዊሊያም በየአውራጃው ግንብ ያስገነባው ከመፍራት ብቻ አልነበረም። በጥቂት ወታደር ብዙ ሕዝብ ጸጥ ለጥ አድርጎ ለመግዛት ከግንብ የተሻለ መሣሪያ አልነበረውም። ግንቡ የመስፍኑ እልፍኝ፣ የፍርድ አደባባይ፣ የግብር እህል ጎተራ፣ የእስረኛ ጉድጓድ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ለወራት የሚመከትበት ምሽግ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ቤት ውስጥ አልተጠቃለለም። ምሽጉ ሌላ፣ ቤተ መንግሥቱ ሌላ ነበር።

ምሽጉ አምባው ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ፣ ወደ ንፋስ መውጫ የሚጓዝ መንገደኛ የንጉሥ ግንብ አይገጥመውም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በላይ ጋይንት ደጋ ላይ ቆሞ ወደ በሽሎ ሸለቆና ወደ ስማዳ ቆላ የሚመለከት ሰው ግን ግንብ ያልተሠራበትን ምክንያት በዓይኑ ያየዋል። አገሩ ራሱ በገደል የታጠረ ነው። አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል የሆነ አምባ መውጫው አንድ ወይም ሁለት ቀጭን መንገድ ነው። ከላይ ምንጭና የሚታረስ መሬት ካለው፣ በሩ ላይ የቆሙ ጥቂት ሰዎች ብዙ ጦር ያግዳሉ። የበጌምድርና የወሎ ጦር የሚተላለፍበት የጨጨሆ በርም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ወገን ገደል የያዘው ጠባብ መተላለፊያ የትኛውም ግንበኛ ሊሠራው ከሚችለው በር ይበልጣል።

ነገሥታቱ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሥልጣን ተቀናቃኝ እንዳይሆኑ የሚታሰሩት የንጉሥ ልጆች በወሎ አምባሰል በግሸን አምባ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በበለሳ በወኅኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ግሸንን የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ ጦር በ1530ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ እስኪይዘው ድረስ የመንግሥቱ ውድ ዕቃም የሚቀመጠው እዚያ ነበር።

ንጉሡ ግን አምባ ላይ አይቀመጡም ነበር። መናገሻቸው ድንኳን ነው። ብዙ ሺህ ሰው የሚከተለው ሰፈር፣ በአካባቢው ማገዶና እህል ሲያልቅበት ነቅሎ ይሄዳል፤ ግብርም የሚበላው፣ ፍርድም የሚሰጠው፣ ያመፀም የሚቀጣው እየተዘዋወረ ነው። አገሩ ሰፊና መንገዱ አስቸጋሪ በሆነበት፣ ግብሩም በእህልና በከብት በሚከፈልበት ዘመን ይህ አገዛዝ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ብልሃት ነበር።

ከኢማም አሕመድ ጦርነትና ከኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ከሸዋ ወደ ጣና አካባቢ ዞረ። አፈሩ ለም ነው፤ ወደ ምጽዋና ወደ ሰናር የሚያመራው የንግድ መንገድም ቅርብ ነው። ክረምቱን በአንድ ቦታ የማሳለፍ ልማድ እየጸና ሲመጣ ቋሚ ቤት አስፈለገ። በእንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. በነገሡት በአጼ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል። አራት ማዕዘን ሆኖ በላይና በታች ክፍል ያለው ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ አለው። ይህ መልክ ኋላ በጎንደር ሰፍቶና ዳብሮ ይታያል።

ከጉዛራ በፊት የአገሩ ሰው መገንባት አያውቅም ነበር ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም፣ ድጓ ተምሮ ለመመስከር ሊቃውንት ከሩቅ የሚጎርፉባት ደብር፣ ለዚህ ምስክር ናት። በክብ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ጥንታዊ ሕንፃዋ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ በአክሱም ስልት የተሠራ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጨመረው አዲስ ነገር ኖራ ነው። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንና ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች የኖራ ድንጋይ አቃጥሎ ማያያዣ የማድረግን ጥበብ አስፋፉ። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ከፍ ሲል ያስፈራል፤ በኖራ የተያያዘ ግን ቅስት ይሸከማል፣ ጉልላት ያቆማል። የደንቀዝ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ጥበቡ ወደ ወንዝም ወርዷል፤ የጎጃምን ሞጣ ከአንዳቤትና ከእስቴ ወገን ለማገናኘት በዓባይ ላይ የተሠራው ሰባራ ድልድይ በኖራ የቆመ የጎንደር ዘመን ቅርስ ነው።

አጼ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ የግንበኝነቱ ጥበብ ግን ከአገር አልወጣም። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ቁመቱ 32 ሜትር ያህል የሆነው የፋሲል ግንብ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመውበታል። ከላይኛው ሰገነት የጣና ውሃ ይታያል። ልጃቸው አጼ ዮሐንስ፣ ከእሳቸውም ቀጥሎ ታላቁ ኢያሱ፣ በኋላም አጼ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩበት ግቢው 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር የተከበበ ሆነ፤ በየትውልዱ አንድ ጎጆ እየተጨመረበት እንደሚሰፋ የአባት ግቢ ማለት ነው። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የግቢው ዓላማ ከ12ቱ በሮቹ ስም ይነበባል። ወምበር በር የዳኞች ነው፤ እምቢልታ በር የነፊዎች፤ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፤ በተዝካሮ በር የሚገባው ለተዝካር የመጣ ሕዝብ ነው። ችሎት፣ ዜማ፣ ግብር፣ መታሰቢያ እንጂ መድፍ የሚጠመድበት በር የለም። ቅጥሩ ሌባንና ሽፍታን ይከለክላል፤ ጦርን ግን አያቆምም፤ የተሠራውም ለዚያ አልነበረም። ጦርነቱ የሚለየው በሜዳ ነው። በሜዳ ድል የሆነ ንጉሥ ግንቡን አያድነውም፤ ድል ያደረገም ያለ ከበባ ይገባል። በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን በየተራ የያዟት ራሶች የገቡት እንዲሁ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፈው ሲያቃጥሉ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ሲያጋያት ቅጥሩ ምንም አልፈየደም።

አጼ ቴዎድሮስ የጎንደርን ግንብ ትተው ደብረ ታቦርን ሰፈራቸው፣ መቅደላን ምሽጋቸው አደረጉ። በጋፋት መንደር በአውሮፓውያን ሠራተኞች ያስቀለጡት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት ወደ ጨጨሆ ወጡ። ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ ተሠራለት። የጅጣን ሸለቆ ወርዶ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በጋይንት መሬት ከተፈጸሙት ታላላቅ ሥራዎች መካከል ይህን የሚያክል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተጎተተውም በገበሬና በወታደር ትከሻ ነው።

ሆኖም በዚያን ጊዜ የአምባም ዘመን እያለፈ ነበር። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1453 የቱርኩ ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ መድፎች የቁስጥንጥንያን ቅጥር ሲንዱ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ መተማመኛ መሆኑ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ምሽግ ዝቅ ያለ፣ ሰፊና በአፈር የተደገፈ ሆነ፤ የመኳንንቱ ግንብም መስኮቱ እየሰፋ ለኑሮ ብቻ ቀረ። መቅደላ በቅጥር ሳይሆን በገደል የታጠረ ቢሆንም በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው መድፍና ሮኬት ከሩቅ ደረሰበት። አምባው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ።

የጎንደር ግንቦች የመጨረሻውን ጦርነት ያዩት በ1934 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ጦር ግቢውን መምሪያ አድርጎት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት ከፊሉ ተጎዳ። ከዚያ በፊት ኢጣልያኖቹ ግንቦቹን ሲጠግኑ የተጠቀሙት ሲሚንቶና አርማታ ከአሮጌው ድንጋይ ጋር አልተስማማም፤ ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። በኋላ የመጡት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ አውጥተው በኖራ ተኩ።