የብስክሌተኞች ሰላምታ በመንገድ ላይ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በየማለዳው በብስክሌት ወደዚህ ግቢ ስለምንመጣ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ሥርዓት ነበራቸው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ፣ አስከሬን ሲያልፍ፣ የሚያከብሩት ሽማግሌ ሲያጋጥማቸው ይወርዱ ነበር። ይህ ለብስክሌተኛም ይገባል። በቅሎ ግን ጌታዋ እጅ ሲነሣ መንገዷን አትስትም። በብስክሌት ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ከቦይ ውስጥ ይገኛል።

ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ ስለ ሆነ፣ ከፊት የሚመጣው ብስክሌተኛ በግራችን ያልፋል። ለታላቅ ሰው ግራ እጅ ማንሣት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለቱም እጆች ከእጀታው ሳይለቁ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋሉ» ማለት ይበቃል። የቤተ ሰቡን ደኅንነት ለመጠያየቅ የፈለገ ከአስፋልቱ ይውጣ። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ በወረታ ያልፋል፤ የደብረ ታቦሩም ከዚሁ ይገነጠላል፤ የጭነት መኪናው ወሬያችን እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ማን ይቅደም? በእግር ሲሆን ታናሽ ታላቁን ይቀድማል። በብስክሌት ግን ባዶው ጭነት የያዘውን ይቅደም እላለሁ። ከኋላው ጆንያ ሩዝ የጫነ ሰው ሚዛኑን እንጂ ሰላምታችንን ሊያስብ አይችልም፤ ዝም ቢል ቅር አይበለን። በሩዝ ማሳ መካከል ባለች ቀጭን መንገድማ ባዶው ወርዶ ያሳልፈው።

ደወል ሰላምታ አይደለም። አዛውንት ከኋላቸው ድንገት ሲደወልባቸው ደንግጠው ወደ መሐል ይገባሉ። ከሩቅ አንድ ጊዜ መደወል፣ ሲጠጉም ማዝገም ነው። (የፎገራ ላሞች ግን በወተት እንጂ በደወል አይታወቁም፤ እስኪያልፉ መቆም ይሻላል።)

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከሴት ተማሪዎች ጎን ብስክሌታቸውን እያዘገሙ፣ እየደጋገሙ የሚጠሩትን ሰላምታ ይሉታል። አንድ ጊዜ «ደኅና ዋይ» ብሎ ማለፍ ሰላምታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መከተል ነው። እናቷ ፈርታ ከትምህርት ቤት ብታስቀራት ጥፋቱ የማን ነው?

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ ጭቃው ጎማ ስለሚይዝ ብስክሌቱን የተሸከመ ሰው እናገኛለን። ጎማው ተንፍሶበት የቆመም አለ። እንዲህ ላለው ሰው «እንደምን ዋልህ» ብሎ ማለፍ ስድብ ይመስለኛል፤ «ምን ሆንህ?» ብሎ መውረድ ነው። መንፊያ የሌለው ቢሆን እንኳ ለቤተ ሰቡ መልእክት ያድርስለት።

የተከበሩ ዳይሬክተር ቢፈቅዱልን፣ ከዘበኛው ቤት አንድ የጎማ መንፊያና ማስቲሽ ይቀመጥልን፤ ገንዘቡን እኛ ብስክሌተኞች እናዋጣለን።