ወጣቱ አማካይ የማን ነው?



በዚህች በሜልበርን ከተማ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጩኸት ይሰማል። የውድድሩ ዓመት አልቆ፣ ዋንጫው ተነሥቶ፣ የዝውውር ሳምንታት ሲከፈቱ አንድ ክለብ ከተቀናቃኙ አንድ ወጣት አማካይ ይወስዳል። የተወሰደበት ክለብ ደጋፊ «ዘረፉን» ይላል፤ ልጁንም «ከዳን» ይለዋል። የወሰደው ክለብ ደጋፊ ደግሞ ዋንጫውን ከወዲሁ ያነሣ ይመስለዋል። እኔ ዛሬ ለመናገር የቆምኩት ሁለቱም ተሳስተዋል ብዬ ስለማምን ነው። ወጣት አማካይ ከተቀናቃኝ ክለብ መውሰድ ተገቢ ሥራ ነው፤ የሚሠምረው ግን ወሳጁ ክለብ ለዚያ ልጅ የሚሆን ባዶ ቦታ ሲኖረው ብቻ ነው። ያጣው ክለብም ብዙውን ጊዜ ልጁን ያጣው በዝውውሩ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ቦታ በነፈገው ጊዜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክብ ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እዚህ ፉቲ በምንለው የአውስትራሊያ ሕግ እግር ኳስ ከየቡድኑ 18 ሰው ሜዳ ላይ ይሰለፋል፤ ሜዳው ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ እስከ 185 ሜትር ይደርሳል። ጎል በተቆጠረ ቁጥር ኳሷ ወደ መሃል ትመለሳለች። እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር በሆነው የመሃል አራት ማዕዘን ውስጥ በዚያች ቅጽበት መቆም የሚፈቀደው ከየቡድኑ ለአራት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ረክ የሚባለው ረጅሙ ተጫዋች ነው፤ ዘልሎ ኳሷን በእጁ ይመታል። የቀሩት ሦስቱ አማካዮች ናቸው። ኳሷን ከዚያ ግርግር መንጭቀው የሚያወጧት እነርሱ ናቸው፤ አጥቂው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እነርሱ ካላወጡለት የሚያገኘው ነገር የለም። ዳኞች በየጨዋታው 3፣ 2 እና 1 ድምፅ እየሰጡ የሚመርጡት የብራውንሎው ሜዳሊያ ለብዙ ዓመታት በአማካዮች እጅ ሲዘዋወር የኖረው ስለዚህ ነው።

ልብ በሉ፤ ቦታው ሦስት ነው። እየተፈራረቁ ቢገቡም ቦታው ሦስት ነው። ክለቡ ግን ለዚያ ቦታ የሚፎካከሩ ብዙ ልጆችን በየዓመቱ ይመለምላል። በ18 ዓመቱ የተመለመለ አማካይ ሩጫው ቢኖረው እንኳ ትከሻው ገና አልጠነከረም፤ ከሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ጋር ተጋፍቶ ኳስ ለመንጠቅ ሦስትና አራት ዓመት ያስፈልገዋል። እነዚያን ዓመታት የሚያስተምረው፣ የሚመግበው፣ ጉዳቱን የሚያስታምመው የመጀመሪያው ክለብ ነው። ልጁ 22 ዓመት ሞልቶት ሲበስል ከፊቱ ሦስት አንጋፋዎች ቆመው ያገኛቸዋል። ለሌላ ክለብ መልማይ ዕድል የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። የ18 ዓመት ልጅ መምረጥ ግምት ነው፤ የ22 ዓመት ልጅ ግን በትልቁ ሜዳ ታይቷል፤ ባይሰለፍ እንኳ በተጠባባቂው ቡድን ሲገፋ ታይቷል።

የዝውውሩም አሠራር እኛ ከምናውቀው ይለያል። አርሰናል ወይም ማንቸስተር ተጫዋች ሲፈልግ ለሌላው ክለብ ገንዘብ ይከፍላል። እዚህ ክለብ ለክለብ የዝውውር ገንዘብ አይከፍልም። ተጫዋች በተጫዋች ይለወጣል፤ አለዚያም በድራፍት ተራ ይለወጣል። ድራፍት ማለት ክለቦች በየተራቸው አዳዲስ ወጣቶችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ በመሠረቱ በመጨረሻ ደረጃ ያጠናቀቀው ቀድሞ ይመርጣል። ከ2015 ወዲህ የመጪውን ዓመት ተራ ቀድሞ መስጠትም ተፈቅዷል። በላዩ ላይ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ ሀብታም ስለሆንክ ብቻ ሁሉንም መሰብሰብ አትችልም። ውል ያለው ተጫዋች ካልተስማማ አይሸጥም። በ2012 የተጀመረው በነፃ የመዘዋወር መብት የሚገኘው ግን ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው፤ ወጣቱ አይደርስበትም። ለወጣቱ ያለው ዋናው በር ክለቦች ተደራድረው የሚከፍቱት በር ነው።

ይህ ሥርዓት ከሰማይ አልወረደም። ድሮ ተጫዋቹ በመኖሪያ ሰፈሩ ተመድቦ የክለብ ንብረት ያህል ነበር፤ ክለቡ ካላሰናበተው መሄድ አይችልም። በ1982 ሳውዝ ሜልበርን ወደ ሲድኒ ሲዛወር ሲልቪዮ ፎስኪኒ የሚባል ወጣት በሜልበርን ለሴንት ኪልዳ መጫወት ፈለገ፤ ሊጉ ከለከለው። ጉዳዩ ወደ ቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1983 ፍርድ ቤቱ ደንቡ የሰውን እንጀራ ያለ በቂ ምክንያት የሚያግድ ነው ብሎ ፈረደ። ብሔራዊው ድራፍት የተጀመረው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1986 ነው። የአንድ ወጣት ክስ ይህን ያህል ደጃፍ አናግቷል፤ የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም እላለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስተምረው ታሪክ ልለፍ። ጆሽ ኬኔዲ የሆውቶርን ልጅ ነበር፤ ያውም እንደ ልዑል የሚቆጠር። አያቱ ጆን ኬኔዲ በ1961 ሆውቶርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ያበቁ አሰልጣኝ ናቸው፤ አባቱም በዚያው ክለብ ዋንጫ ያነሣ ተጫዋች ነው። ልጁ የአባት ልጅ በሚባለው ደንብ ወደ ቤተሰቡ ክለብ ገባ። ነገር ግን ሆውቶርን በ2008 ዋንጫ ያነሣ ቡድን ነበር፤ መሃሉን ሉክ ሆጅ፣ ሳም ሚቸልና ጆርዳን ሉዊስ ይዘውታል። ኬኔዲ በሁለት የውድድር ዓመት 13 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2009 መጨረሻ ሲድኒ መጣ። ለእርሱና ለባልደረባው ለቤን መግሊን የሰጠው 39ኛ፣ 46ኛ እና 70ኛ ተራዎችን ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሆውቶርንም ሞኝ ስለሆነ አልሸጠም፤ ለልጁ የሚሰጠው ቦታ ስላልነበረው ነው። ሲድኒ ግን ቦታ ነበረው፤ ግርግር ውስጥ ገብቶ ኳስ የሚያወጣ ጠንካራ ሰውም ይፈልግ ነበር። በ2012 የዋንጫ ፍጻሜ ሲድኒና ሆውቶርን ተገናኙ፤ ሲድኒ 91 ለ 81 አሸነፈ። ኬኔዲ በአያቱ ክለብ ላይ ዋንጫ አነሣ፤ በኋላም አምበል ሆነ፤ በ2022 ሲያቆም 290 ጨዋታ ተጫውቶ ነበር።

ታዲያ ሆውቶርን ተጎዳ? ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ያነሣ ክለብ ተጎዳ ለማለት ይከብደኛል። ሁለቱም የሚፈልጉትን አገኙ፤ ልጁም ሜዳ አገኘ። ለእኔ ጥሩ ዝውውር ማለት ይህ ነው።

ሆውቶርን ራሱ ትምህርቱን በ2016 በሥራ ላይ አውሏል። አንጋፋዎቹን ሳም ሚቸልንና ሉዊስን አሰናበተ፤ ማለትም ቦታውን ባዶ አደረገ፤ በዚያው ወቅትም ከሲድኒ የ23 ዓመቱን ቶም ሚቸልን አመጣ። ቶም በ2018 መክፈቻ ጨዋታ በኮሊንግዉድ ላይ 54 ጊዜ ኳስ አቀበለ፤ ያ ቁጥር የሊጉ ክብረ ወሰን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ብራውንሎውን ወሰደ። ላኪ ኒልም እንዲሁ ነው፤ በ58ኛ ተራ በፍሪማንትል ተመርጦ፣ በ2018 መጨረሻ ወደ ብሪዝበን ሄዶ፣ በ2020 እና በ2023 ሜዳሊያውን ሁለት ጊዜ አጠለቀ።

አልሰጥም ብሎ ልጅን መያዝም ዋጋ አለው። በ2009 የሴንት ኪልዳው አማካይ ሉክ ቦል የጨዋታ ጊዜው ስላነሰ ወደ ኮሊንግዉድ ልሂድ አለ። ክለቦቹ አልተስማሙም። ቦል ውሉን ጨርሶ ራሱን ለድራፍት አቀረበ፤ ኮሊንግዉድ በ30ኛ ተራ ወሰደው፤ ሴንት ኪልዳ ምንም አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት የ2010 የዋንጫ ፍጻሜ በሁለቱ መካከል ሆነ፤ 68 ለ 68 ተለያይተው ከሳምንት በኋላ ሲደገም ኮሊንግዉድ 108 ለ 52 አሸነፈ። የቦል ዋንጫ በቀድሞ ጓደኞቹ ፊት ተነሣ።

በደንብ የሸጠም አለ። ዌስት ኮስት በ2007 መጨረሻ ዋንጫ ያነሣለትን አምበል፣ የ24 ዓመቱን ክሪስ ጀድን ለካርልተን ሲሰጥ 3ኛና 20ኛ ተራን ከአንድ ወጣት አጥቂ ጋር ተቀበለ። የአጥቂው ስምም ጆሽ ኬኔዲ ነው፤ ከፊተኛው ጋር አታምታቱት። ጀድ በ2010 በካርልተን ማልያ ሁለተኛ ብራውንሎውን ወሰደ፤ ዋንጫ ግን አላነሣም። አጥቂው ኬኔዲ በ2018 ከዌስት ኮስት ጋር ዋንጫ አነሣ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ የጄሰን ሆርን-ፍራንሲስ ነገር ነው። የደቡብ አውስትራሊያ ልጅ ነው። በ2021 ድራፍት ኖርዝ ሜልበርን በ1ኛ ተራ መረጠው፤ በ18 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደማያውቀው ከተማ መጣ። የገባበት ቡድን በ2022 ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በመጨረሻ ደረጃ አጠናቀቀ፤ አሰልጣኙም በመካከል ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ውል እያለው ወደ አገሬ ልመለስ አለ፤ አራት ክለቦች በተሳተፉበት ስምምነት ወደ ፖርት አደሌድ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በቀድሞ ደጋፊዎቹ ፊት በተጫወተ ቁጥር ይጮኹበታል።

የት መኖር እንደሚፈልግ ማን ጠየቀው? ድራፍቱ አይጠይቅም። ደካማ ክለብ እንዲጠናከር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ ዓላማውን እደግፋለሁ። ግን የደንቡን ሸክም የሚሸከመው ገና ትምህርት ቤት የጨረሰ ልጅ ነው፤ ሸክሙ ሲከብደው ከዳተኛ ይባላል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። ኖርዝ ሜልበርንም ባዶ እጁን አልቀረም፤ በልዋጩ ካገኘው ነገር ሃሪ ሺዝልንና ጆርጅ ዋርድሎውን መረጠ፤ ሺዝል በ2023፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ የሊጉ ምርጥ ወጣት ተባለ፤ የክለቡንም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ። ደግሞስ ያ ክለብ በ1975 የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያነሣ አምበሉ ከኤሰንደን ያመጣው ባሪ ዴቪስ አልነበረም?

የጎረቤታችንንም ነገር ሳላነሣ አልወርድም። ብዙዎቻችን ምግብ ቤታችንና ሱቃችን ባለበት በፉትስክሬይ፣ ዊተን ኦቫል የሚባለው ሜዳ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት ነው። በ2020 ጆሽ ደንክሊ ወደ ኤሰንደን ልሂድ ሲል ክለቡ ውሉን ይዞ እምቢ አለ፤ በዓመቱ ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ ደንክሊም አብሮ ነበር። እምቢታ አንዳንዴ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ለዘለዓለም ግን አይደለም፤ በ2022 ወደ ብሪዝበን ሄዶ በ2024 እና በ2025 ዋንጫ አነሣ። ቤይሊ ስሚዝም በ2024 መጨረሻ ወደ ጂሎንግ ሄደ። በሌላ በኩል አዳም ትሬሎርን ከኮሊንግዉድ ያመጡት እነዚሁ ቡልዶግስ ናቸው። ሲወስዱ ደስ ያለን ሰዎች ሲወሰድባቸው ሌባ ብለን የምንጮኸው በምን ሚዛን ነው?

ለክለቦች የምለው ይህ ነው፤ የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ወጣት አማካይ በወረፋው ስንተኛ እንደሆነ እውነቱን ንገሩት። ቦታ ከሌላችሁ በጊዜ ሽጡት፤ ያኔ ዋጋም ታገኛላችሁ። ለደጋፊዎች፤ ወደ እናቱ ቤት በተመለሰ የ19 ዓመት ልጅ ላይ አትጩኹ። ልጆቻችሁ በየሰፈሩ ቡድን የሚጫወቱላችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ቀን መልማይ ቤታችሁ ሲመጣ ስለ ደመወዝ ከመነጋገራችሁ በፊት «ልጄ በማን ቦታ ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የተጫዋቹን ስም ጠርቶ ካልመለሰላችሁ ልጃችሁ ባለበት ይቆይ።