ስለ ዘይት፣ ስለ ቅቤና ስለ ቦርጭ

(በተማሪዎች ኅብረት የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እፊታችሁ የቆምነው ስለ ወጥ ለመናገር ነው። ርእሱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ መሣቃችሁን ሰምተናል። እኛም በመጀመሪያ ሥቀን ነበር፤ ነገሩም የተጀመረው በሣቅ ነውና ከዚያው እንነሣ።

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር እኛ አራት ጓደኞች ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደን ነበር። ወንዛዬ በደራ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ መሆኑን፣ ቍርጥማት የያዘውም ቈዳው የታመመበትም ከየቦታው እየመጣ የሚነከርበት መሆኑን ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከአራታችን አንዱ ሰውነቱ ከበድ ያለ ነው። ሸሚዙን አውልቆ ወደ ውኃው ሲገባ አጠገቡ ይታጠቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አየት አደረጉትና፣ «ልጄ፣ ሰባት ቀን ተነከር፤ ይህ ሁሉ ጮማ እንደ ሻማ ይቀልጥልሃል» አሉት።

ከመሄዳችን በፊት ዓርብ ማታ፣ ሚዛን ይዘው በመንገድ ዳር ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ተመዝኖ 91 ኪሎ ነበር። እሑድ ስንመለስ በዚያው ሚዛን 90 ሆነ። ደስ አለን፤ ሽማግሌውንም አመሰገንናቸው። ማክሰኞ ቢወጣበት ግን እንደገና 91 ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በፍል ውኃ የሚወጣው ላብ ነው፤ ላብም ውኃ ነው፤ ውኃውን ደግሞ እሑድ ማታ በጆግ ጠጥቶ መልሶታል። ስብ በቈዳ ቀዳዳ ቀልጦ አይፈስም። ሰውነት ስብን ሲያቃጥል ስቡ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ ይለወጣል፤ 10 ኪሎ ስብ ቢቃጠል 8.4 ኪሎ ያህሉ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። የኬሚስትሪ መምህራኖቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሳዩን ይችላሉ። ይኸውም የሚሆነው ሰው ከሚያወጣው ኃይል ያነሰ ሲመገብ ብቻ ነው። ወንዛዬ ለቍርጥማት የሚሰጠውን ዕረፍት አንነካበትም፤ ለቦርጭ ግን መላው በድስቱ ውስጥ ነው።

ነገሩ በዚህ በቀረ ነበር። ነገር ግን የዚሁ ጓደኛችን አባት በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ከተማ የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ራሳቸውን አዞራቸውና ሐኪም ዘንድ ቢቀርቡ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስኳርም ሊጀምራቸው ነው ተባሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ከጻፈላቸው በኋላ ክብደት እንዲቀንሱ ቢመክራቸው፣ «ዶክተር፣ እኔ ልክሳ? ሰው ከሰረ አይለኝም ወይ?» ብለው መለሱለት።

ይህን መልስ በሣቅ ልናልፈው አንችልም። በእኛ አገር «ወፈርህ፣ ተስማማህ» ማለት ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ማለት ግን «ምን ደረሰብህ?» ማለት ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ የከሳ ሰው ሁሉ በኤችአይቪ ይጠረጠር ስለ ነበር ፍርሃቱ በፍርሃት ላይ ተደርቦአል። ስለዚህ አንድ አባት ክብደት ቀንስ ሲባል ከእንጀራ ቍጥር በላይ የሆነ ነገር ተጠየቀ ማለት ነው፤ በጎረቤቱ ፊት ያለውን መልክ ተጠየቀ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የወፈረ ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል እንኳ ቢቀንስ የደም ግፊቱም ስኳሩም ይሻሻላል። ለጓደኛችን ቢሰላ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 9 ኪሎ መሆኑ ነው። ሰው ከሰረ እስኪባል ድረስ መክሳት አያስፈልግም።

እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? ወቅቱ የነቢያት ጾም የሚገባበት ነበር። ኅዳር 15 ቀን አንድ ባለ 5 ሊትር ዘይት ገዛንና ቀኑን በጀሪካኑ ላይ ጻፍንበት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ጎመን ብቻ ነው የምንበላው፤ ስለዚህ በጾሙ ሳንደክም እንቀንሳለን ብለን አሰብን። ኅዳር 29 ቀን ማታ ጀሪካኑን ገልብጠን የመጨረሻዋን ጠብታ አራገፍን። አምስት ሊትር ለአራት ሰው በ15 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 83 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ በክብደት 76 ግራም ያህል ነው።

አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ። (ካሎሪ ስንል ኪሎ ካሎሪውን ማለታችን ነው፤ የፊዚክስ መምህራችን እጃቸውን እንዳያነሡብን።) ስለዚህ እያንዳንዳችን በቀን ከዘይት ብቻ 680 ካሎሪ ያህል ስንጠጣ ሰነበትን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከምንመገበው ካሎሪ በቅባት የሚገኘው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 67 ግራም ያህል ነው። ከድስት ጋር ታጥቦ የቀረውን ብንቀንስለት እንኳ፣ የጀሪካኑ ዘይት ብቻውን ልኩን ሞልቶት ነበር፤ ያውም በጾም! የፍስክ ቅቤ በከንቱ ሲታማ ኖረ። ቅቤ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም፤ ቅቤ ግን የሚመጣው በበዓልና በእንግዳ ቀን ነው፤ ዘይቱ የየዕለት ነው። (በራስ ላይ የሚቀባው ቅቤማ እስከ ዛሬ ማንንም አላወፈረም።)

ከዚያ በኋላ የሾርባ ማንኪያ ገዛን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል፣ ማለት 120 ካሎሪ ያህል ነው። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆርን ከለከልን። አሠራሩን አዲስ ነገር አድርገን አናቀርበውም፤ እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ ያቁላሉ፣ ሲይዝባቸው ውኃ ጠብ ያደርጋሉ፣ ዘይቱ የሚገባው ኋላ ነው። እኛ ወንደላጤዎች ግን ስለ ቸኮልን ዘይቱን አስቀድመን ሽንኩርቱን እናዋኘው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ወጡ ጉሮሮ የሚይዝ ሆነና ሁለቱ ጓደኞቻችን ምግብ ቤት ሄደው በሉ፤ ይህንን አንደብቅም። ሽንኩርቱን ስናበዛው፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ስንጨምርበት ተስተካከለ። ሁለተኛው ጀሪካን 33 ቀን ቆየ፤ ለአንድ ሰው በቀን 38 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 315 ካሎሪ። ከእንጀራው አንድ ቍራሽ ሳንቀንስ ከ360 ካሎሪ በላይ ወረደ።

ስለ ዘይቱ ዓይነትም ጥያቄ እንደሚመጣብን እናውቃለን። ባሕር ዳር በታኅሣሥ ጧት ይበርዳልና ጀሪካኑን ማየት ይበቃል፤ ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ረግቶ ይገኛል፤ የጎጃምና የጎንደር ኑግ ግን እንደ ፈሰሰ ነው። የሚረጋው የቅባት ዓይነት በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። በፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ በቅቤ ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ በኑግ ዘይት ውስጥ ግን ከአምስት አንድ እጅ ያነሰው ነው ይህ ዓይነት። ስለዚህ ለልብና ለደም ሥር ኑጉ ይሻላል። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ኑግ ነው ብሎ እንደ ውኃ ያፈሰዋል፤ ኑግም ዘይት ነው፤ በግራም 9 ካሎሪውን አይተውም። ኪሱ የማይፈቅድለት ደግሞ የሚረጋውንም ቢሆን በማንኪያ ለክቶ ቢጠቀም፣ ኑግ በልግስና ከሚያንቆረቁረው ሰው የበለጠ ክብደት ሊቀንስ ይችላል።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንውረድ። ጣና የሰጠን ቀረሶ ከምግብ ሁሉ የተመረጠ ነው፤ 100 ግራም ጥሬ ሥጋው 96 ካሎሪ ያህል ብቻ ያለው፣ ቅባቱም ከ2 ግራም ያነሰ ነው። እኛስ ምን እናደርገዋለን? ጎኑን እንተለትለውና በፈላ ዘይት ውስጥ እስኪደርቅ እናሰጥመዋለን። በተተለተለው መጠን ዘይቱን ይጠጣል። ያው አሳ በሾርባ ወይም በጥቂት ዘይት ለብለብ ተደርጎ ሲቀርብ ሌላ ምግብ ነው። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተናል።) ጧት በሻይ የምንበላው ፓስቲ፣ በዕረፍት ሰዓት የምንገዛው ሳምቡሳም ከዚሁ ዘር ናቸው። ሻዩ ራሱ አራት ማንኪያ ስኳር ሲገባበት ምን እንደሚሆን ሌላ ቀን እንናገራለን።

ሁለት ተቃውሞ ቀርቦልናል። አንደኛው፣ በረኃብ በምትታወቅ አገር ስለ ውፍረት መናገር ነውር አይደለም ወይ? የሚል ነው። ጠያቂው እውነት አለው፤ ከእኛም መካከል ምሳውን እየዘለለ የሚማር እንዳለ እናውቃለን፤ ለእርሱ ይህ ንግግር አልተጻፈለትም። ሆኖም የደም ግፊትና ስኳር በሽታ የሀብታም ሰው ብቻ መሆናቸው ቀርቶአል። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያወጣው የምግብ መመሪያም ልዩ ልዩ ምግብ ብሉ እያለ ዘይትና ቅባቱን ግን በልክ አድርጉ ይላል፤ ሁለቱም ችግር በአንድ ቤት ሊገኝ ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። አንዲት እኅታችን ይህንኑ ወሬያችንን ሰምታ ዘይቱንም እንጀራውንም ፈጽማ ተወችና በሰላጣና በሎሚ ውኃ ብቻ ሦስት ሳምንት ከረመች፤ በሙከራ ክፍልም ራሷን ስታ ወደቀች። እርስዋ ከመጀመሪያውም ወፍራም አልነበረችም። ጥፋቱ ግማሹ የእኛ ነው፤ «ቀንሱ» ስንል «ከስንት ወደ ስንት» አላልንም ነበር። ቅባት ጠላት አይደለም። ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም፤ ጎመንና ካሮት ጥቂት ዘይት የሚፈልጉት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ክብደቱ ልክ የሆነ ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የሚታከም በሽታ ያለበት ሰው የእኛን ማንኪያ ትቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጓደኛችን በፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲመዘን 85 ኪሎ ሆነ። ስድስት ኪሎ በአምስት ወር። በሰኔ 87 ደርሶ ነበር፤ በሃምሳው ቀናት ምን እንደ በላ እንዲናገር አላስገደድነውም።

ለበዓል ወደ ቤቱ ሲሄድ ማንኪያውን በኪሱ ይዞ ሄደ። እናቱ የዶሮውን ሽንኩርት ሲያቁላሉ አጠገባቸው ተቀምጦ የእኛን ሒሳብ አንድ በአንድ አስረዳቸው። አባቱም ከወዲያ ሆነው ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ይሰሙ ነበር። እናቱ ማንኪያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ለአባትህስ ይሁን፣ እለካለታለሁ፤ ለእንግዳስ ስንት ማንኪያ ነው ልጄ?» አሉት።

መልስ አጣ። እኛም እስከ ዛሬ አላገኘንለትም። በዚያን ቀን የእንግዳው ድስት ለብቻው ተሠርቶ ቅቤው በላዩ ተንሳፎ ቀረበ፤ አባትየውም ከሁለቱም ድስት ቀመሱ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን። ማንኪያውን ይዘነው መጥተናል፤ ሚዛንም በበሩ አጠገብ አለ።