ዝናብ ቀጠሮ አያራዝምም
በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ደሴ ላይ ቅዳሜና እሁድ ስለተከታተልኩት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው «አጃይል» የተባለውን የፕሮጀክት አመራር ዘዴ በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ከመሠረቱ የሚያስተምር ነበር። አብረውኝ የተማሩት ከባንክ፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የመጡ ናቸው። ከገበሬ ጋር የምውለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ መጀመሪያ ላይ «ይህ ለኮምፒውተር ሰዎች እንጂ ለእኔ ምን ይሆነኛል?» ብዬ ነበር።

በእርግጥም የስሙ መነሻ እዚያ ነው። በየካቲት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ከወረቀት ብዛት የሚሠራ ነገር ይበልጣል፤ ዕቅድን ሙጭጭ ብሎ ከመያዝ ለውጥ ሲመጣ አብሮ መታረም ይሻላል፤ ተጠቃሚውም ከሥራው አይለይ የሚል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥራው በአጫጭር ዙር ይከፈላል፤ አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ነው። በየዙሩ መጨረሻ ለተጠቃሚው በዓይን የሚታይ ነገር ይቀርባል፤ እርሱ የሚለው ተሰምቶ የሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል። በተማርነው መንገድ ጊዜውና ገንዘቡ አይነካም፤ ነገር ሲጠብ የሚቀነሰው የሥራው ዝርዝር ነው። ስለዚህ ሥራዎች አስቀድመው በአራት ይመደባሉ፦ የግድ የሚያስፈልግ፣ ሊኖር የሚገባ፣ ቢገኝ ደስ የሚል፣ ለዚህ ጊዜ የሚቀር።

ይህን ስሰማ የታወሰኝ ቅሬያችን ነው። ሰው ሲሞት የቀብሩ ሰዓት አይገፋም። ዳኛው ማን ይቆፍራል፣ ማን ውኃ ያመጣል፣ ማን ለዘመድ ይነግራል ብሎ እዚያው ቆሞ ያከፋፍላል። አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካል። ድንኳኑ ቢዘገይ ቀብሩ አይቆምም፤ መቃብሩን ግን ማንም አይዘነጋም።

እኛ በሥራችን ላይ ይህን ዘንግተን ነበር። አዲስ በተመደብኩበት ቀበሌ ለስንዴ ምርጥ ዘር ሠርቶ ማሳያ ዕቅድ አወጣን። ሥልጠና፣ የመሣሪያ ማስቀመጫ መጠለያ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳና ዘር ተብሎ በአንድ ሠንጠረዥ ገባ፤ ለአራቱም እኩል ነጥብ ተሰጠ። ሥልጠናው ተሰጠ፣ መጠለያው ተሠራ፣ ሰሌዳው ተተከለ። ዘሩ ግን የደረሰው ዝናቡ ገብቶ ገበሬው የራሱን ዘር ከዘራ በኋላ ነው። በሪፖርታችን ላይ ከአራቱ ሦስቱ ተከናውነዋል ተብሎ 75 በመቶ ተጻፈ። ማሳቸውን ሊሰጡን የነበሩ አንዲት እናት ሰሌዳውን እያዩ «ልጄ፣ ይህ ይበቅላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በእኛ አካባቢ የጊዜ ነገር ይከብዳል። ደጋው በልግን ይጠብቃል፤ በልግ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቀራል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ማሽላና ጤፍ ነው፤ የዘር ቀኑም ይለያል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደርሶብን፣ ዕቅድ እንደተጻፈ አለመዝለቁን ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ ለዩኒየናችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው መኸር የማዳበሪያ ሥርጭት ሽሚያው ሳይጀመር በሁለት መሠረታዊ ማኅበራት ለአንድ ሳምንት እንሞክር። በየጠዋቱ የመጋዘን ኃላፊው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለ15 ደቂቃ ቆመው ይነጋገሩ፦ ትናንት ምን ሠራን? ዛሬ ምን እንሠራለን? ምን ያዘን? የምንለካውም በተከፋፈለው ኩንታል ብቻ ሳይሆን «ስንት ገበሬ በመጣበት ቀን ማዳበሪያውን ይዞ ገባ?» በሚለው ይሁን። በሳምንቱ መጨረሻ ገበሬዎቹን ጠይቀን፣ ጉድለቱን አርመን ወደ ሌሎቹ ማኅበራት እንሂድ።

ሁሉ ነገር በዚህ ይሠራል አልልም። ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚመጣ ስለሆነ የገበሬው ፍላጎት ከወራት በፊት ተሰብስቦ መታወቅ አለበት። የመጋዘን መሠረትም እየተሞከረ አይጣልም። ሚዛንና ኦዲት እንደ ሁኔታው የሚታጠፉ አይደሉም፤ አባሉ የሚያምነን በእነርሱ ነው።

ሥልጠናውን ስጨርስ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ለእኔ ትልቁ ምስክር ወረቀት ግን ዘሩ ከዝናቡ በፊት የደረሰ ዕለት ያቺ እናት የሚሉኝ ነው።