ሚዳቋ የት ትደር?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሳሉኪ ውሻ ያደረግነው ንግግር)

 

ዛሬ የምንናገረው ከበዓል ወዲህ በማኅበሩ ግቢ ስለምትኖረው ውሻ ነው። ከፓርዴሱ በኩል ከስታ የመጣች ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደናት ነበር። ቺፕ የላትም፤ ባለቤት ነኝ የሚልም እስካሁን አልመጣም። ስሟን «ሚዳቋ» ብለው ያወጡላት እዚህ የተቀመጡ አንድ አባታችን ናቸው። አሁን ሦስት ሐሳብ ቀርቧል፦ ግቢው ውስጥ ታስራ ዘበኛ ትሁን፣ ወደ መጠለያ ትሂድ፣ ወይም እኛ አራታችን እንደጠየቅነው፣ የሚወስዳት ቤተሰብ እስኪገኝ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ትደር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነች ስሙን።

ሐኪሟ እንደነገረችን ሚዳቋ ሳሉኪ ናት፤ ቅይጥ ካለባትም ትንሽ ነው። ሳሉኪ አዳኝ ውሻ ነው። ብዙው አዳኝ ውሻ በአፍንጫው ዱካ እያሸተተ ሲሄድ፣ ይኼ ግን በዓይኑ ነው የሚያድነው፤ ከሩቅ ያያል፣ ከዚያ ይሮጣል። ረጅም እግር፣ ጥልቅ ደረት፣ ቀጭን ወገብ። እሱን የሚመስሉ ውሾች በጥንት የግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ተስለው ይታያሉ። እዚህ በኔጌቭ ደግሞ በደዊኖች ጥንቸልና ሚዳቋ ሲያሳድዱበት ኖረዋል። (እንግዲህ የሚዳቋ አዳኝ «ሚዳቋ» መባሏ ነው! አባታችን ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁ።) ዛሬ በእስራኤል ሚዳቋ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ስለሆነ ያ አደን ክልክል ነው። ውሻው ግን ሕጉን አያውቅም፤ ደሙ ያው ነው።

ዘበኛ ትሁን ለሚሉት መልሳችን አጭር ነው፤ አትሆንም። እናንተ በጎንደር የምታውቁት ውሻ ጅብ ሲመጣ ሰፈሩን የሚያነቃ፣ ዝንጀሮ ከማሳ የሚያባርር ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለውም ለእሱ ነው። ሚዳቋ በበላችበት ዝም ትላለች። ሌባ ቢመጣ ዞር ብላ ታየውና መልሳ ትተኛለች። የጎንደሩን የሚመስል ከፈለጋችሁ፣ እዚህ አገር የከነዓን ውሻ አለ፤ ከቪየና የመጡት ዶክተር ሩዶልፊና ሜንዘል በ1930ዎቹ ከሜዳ እየሰበሰቡ ያላመዱት። እሱ ይጮኻል፣ ይጠብቃል። ሳሉኪን አስሮ ዘበኛ ማድረግ ግን ፈረስን ለወፍጮ እንደ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው» ትላላችሁ፤ እናውቃለን። ንጽሕና የተጠበቀበት ቤት ነው ያደግነው። በኦሪት ዘጸአትም በሜዳ አውሬ የቦጨቀው ሥጋ ለውሻ እንዲጣል ታዟል፤ የውሻ ድርሻ ከደጅ ነው። በደዊኖችም እንዲሁ ናቸው፤ በእነሱም ዘንድ ውሻ ርኩስ ነው፣ ድንኳን አይገባም። ሳሉኪን ግን ከዚህ ለይተውታል። ውሻ ብለው እንኳ አይጠሩትም፤ «ሑር»፣ ማለት ጨዋ ወይም ክቡር፣ ይሉታል፤ ድንኳን ውስጥ ያስተኙታል። እንደኛው ውሻን ከደጅ የሚያሳድሩ ሰዎች ለዚህ አንድ ዘር በር የከፈቱት ወደው አይደለም። ቆዳው ስስ ነው፣ ፀጉሩ አጭር፣ ከቆዳው በታች ስብ የለውም ማለት ይቻላል። የበረሃ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ እነሱ ያውቁታል። የረሆቮት የጥር ዝናብስ? ሲሚንቶ ላይ ስትተኛ ክርኗና ዳሌዋ ይቆስላል፤ ፍራሽ ያስፈልጋታል።

ሌላው የምትፈሩት በሽታ ነው። ይህን ፍርሃት ማንም ወጣት እንዳይስቅበት። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ከእናንተ መካከል ያያችሁ አላችሁ። እዚህ ግን ሦስት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ በየዓመቱ እንዲከተብና ቺፕ እንዲደረግለት ሕጉ ያስገድዳል። ሚዳቋ ሁለቱንም ጨርሳለች፤ ወረቀቱ እዚህ አለ፣ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ አያያዟ። የጎድን አጥንቷን እያያችሁ «አስራባችኋት» የምትሉን እናቶች፣ ሳሉኪ ጤነኛ ሲሆን እንዲህ ነው። እባካችሁ እንጀራ በወጥ አትስጧት፤ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል፣ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ወጥ የለም። በልታ ወዲያው አትሩጥ፤ ደረቷ ጥልቅ ስለሆነ ሆዷ ሊነፋና ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ያ ይገድላል። በጸደይ እንደ ገብስ ጢም ያለው የደረቀ ሣር ጆሮዋና ጣቶቿ መካከል ይገባል፤ ከሽርሽር በኋላ በእጅ መፈተሽ ነው። እዚህ አገር ደግሞ «የፓርክ ትል» የሚሉት አለ። ኩስ የሚበላ ጥንዚዛ ይሸከመዋል፤ ውሻው ጥንዚዛውን ሲውጥ ትሉ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ላይ እባጭ ይሠራል፣ እባጩ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እዚሁ ከተማችን በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኮሬት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሰዎች ይህን በሽታ ብዙ አጥንተውታል። መከላከያው መድኃኒት ነው፤ ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው፤ ገመዱን አትፍቱ! ሳሉኪ በሰዓት 68.8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ተለክቷል። ከተማ ውስጥ ለመኪና የሚፈቀደው 50 ነው። በሰከንድ 19 ሜትር ያህል ማለት ነው፤ «ሚዳቋ» ብላችሁ ስሟን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ መንገዱ መሃል ናት። ድመት ካየች ጆሮዋ ይዘጋል። እንቢተኛ ሆና አይደለም፤ አዳኙ ሩቅ ስለሚቀር ራሷ እንድትወስን ተደርጋ የተፈጠረች ናት። እንደ ወታደር ትታዘዛለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ አትጩኹባትም። አንድ ጊዜ የጮኸባትን ሰው ሳምንት ሙሉ አትጠጋውም።

መጠለያ ትሂድ ያላችሁ፣ ክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ያ ቦታ ሲሚንቶና ጩኸት ነው፤ ይቺ ደግሞ ሁለቱንም የማትችል ናት።

የምንጠይቀው ክፍሉን፣ አንድ አሮጌ ፍራሽና እስከ ፋሲካ ጊዜ ነው። ጸሎትና ምግብ ያለበት አዳራሽ አትገባም፤ ቁልፉ በእኛ እጅ ይሆናል፣ ክፍሉንም እኛው እናጥባለን። በየማለዳው ከትምህርት በፊት አንድ ሰዓት፣ ማታም አንድ ሰዓት እናራምዳታለን። የተራ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ተለጥፏል። እስካሁን የዓርብ ማታና የሰንበት ማለዳ ባዶ ነው።