«ስንፈት» የምንለው ነገር
(ቂርያት ማላኪ፣ በወጣቶችና በወላጆች ምሽት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራው በቤታችን ጮክ ተብሎ ስለማይነገር ነገር ነው። ታላላቆቼን ይቅርታ እየጠየቅሁ ልጀምር፤ ዝም ስንል የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸውና።

የወንድ ብልት ለግንኙነት በሚያስፈልገው መጠን አልቆም ሲል «ስንፈተ ወሲብ» እንላለን። ቃሉ ራሱ ይከብዳል። ሰውዬው የሰነፈ፣ ወንድነቱ የጎደለ ያስመስለዋል። «መተት ተደርጎበት ነው» የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የደም ዝውውር ጉዳይ ነው።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ስሜት ሲነሣ የነርቮችና የደም ሥሮች ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። በዚህ ጊዜ የደም ሥሩ ይላላል፣ ደም ይሞላል። ይህ ንጥረ ነገር ለደም ሥሮች መልእክት እንደሚያደርስ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳሉ። ናርጊላም ያው ጭስ ነው፤ ውኃው አያጠራውም።

ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብ ግን ከ3 እስከ 4። ቀድሞ የሚጠበው ቀጭኑ ነው፣ አይደል? ለዚህ ነው ይህ ችግር ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ የሚችለው።

ጉዳዩ እኛን በተለይ ይመለከተናል። ወላጆቻችን በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በሚቭጻ ሽሎሞ ሲመጡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በእግር የሚሄድ፣ እርሻ የሚያርስ፣ እንጀራና ሽሮ የሚበላ ሰው ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ኮላ ተሸጋገረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ስኳሩ በፍጥነት ጨመረ። በ1998 የተቋቋመው ጤና ብሪዩት የሚባለው ድርጅትም ስለዚሁ በሽታ ሕዝባችንን ሲያስተምር ቆይቷል። የእኛ ሰው ብዙ ሳይወፍርም በስኳር ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ወጣቶች ግን አትደንግጡ። አንድ ሌሊት አልሆን ማለት በሽታ አይደለም። ድካም፣ ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ከሚሉኢም ይዘነው የምንመለሰው ሐሳብም ያመጡታል። ጠዋት ስትነቃ የሚቆም ከሆነ የደም ሥሩ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ወራት ከቆየ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ታየው። የምትወስደው መድኃኒትም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሳታማክር አታቋርጥ።

ከጓደኛ ወይም ከኪዮስክ ክኒን አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ናይትሬት የሚባል የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል። ክኒኑ ለዚያ ሌሊት ይሠራ ይሆናል፤ ስኳሩን ግን አይነካውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከ1995 ጀምሮ በሕግ እያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ ቁፓት ሆሊም አለው። ለቤተሰብ ሐኪምህ «ብልቴ በደንብ አይቆምም» በለው፤ ይበቃል። ግፊትህን፣ ስኳርህንና ኮሌስትሮልህን እንዲያይልህ ጠይቅ። የ1996 የሕሙማን መብት ሕግ ምስጢርህን ይጠብቃል፤ ዶክተሩ ለእናትህ አይነግርም።

አባቶችም አላችሁበት። ሐኪም ዘንድ የሚያስተረጉምላችሁ ልጃችሁ ከሆነ ይህን እንዴት ትናገራላችሁ? ስለዚህ ሌላ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ጠይቁ።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ትዳር ሲሸሽ «ምን ሆነሃል?» እያላችሁ አታስጨንቁት። «ልጄ፣ ሄደህ ተመርመር፤ ምክንያቱን አልጠይቅህም» በሉት። እሱ ሲሰማው ቀለል ይለዋል።