ውፍረትን በቀዶ ሕክምና መቀነስ፦ ለጠየቁን እናት የሰጠነው መልስ

  

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። በእኛ በአሰላና በዙሪያዋ የወፈረ ሰው ተመቸው ይባላል እንጂ ታመመ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 22 ከመቶ የሚሆኑት ከልክ በላይ የቀጠኑ፣ 8 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆናቸውን አሳይቷል። ረሃብን በምታውቅ አገር የውፍረት ሕመምተኛ አዛኝ አያገኝም። እኛም ከማያዝኑት አንዱ ሆነን ተገኝተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ አንዲት እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ። ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በወንበር ነው የሚሰግዱት። ጅዳ የምትኖረው ልጃቸው ቱርክ ሄደው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና እንዲያስቀንሱ ገንዘብ አዘጋጅታላቸዋለች። «ያ ሼኽ፣ አላህ የሰጠኝን ጨጓራ ባስቆርጥ ወንጀል አለብኝ?» አሉን።

እኛም፣ አላህ ይማረንና፣ ምንም ሳንጠይቅ መለስን። «ሰኞና ሐሙስ ይጹሙ፣ ቅቤውንም ይቀንሱ፤ ይበቃዎታል» አልናቸው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ እንደሚችል ሰምተን እናውቅ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላለንም። በሳምንቱ ልጃቸው መጥቶ ሐሙስ ዕለት ከዐሱር በፊት ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገረን። ሄደን ዐፍው እንዲሉን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ዐፍው ብለውን ሲያበቁ «ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም» አሉን። ከዚያ በኋላ ነው ኪታብም ገልጠን፣ ሐኪሞችም ጠይቀን የሚከተለውን የነገርናቸው።

በመጀመሪያ ሸሪዓውን በተመለከተ፦ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ማሌዥያ፣ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው 18ኛ ጉባኤው ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግሯል። የውሳኔው ፍሬ ነገር ውፍረቱ በሽታ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምና በቀር ሌላ መንገድ ከጠፋና ከጉዳት መጠበቅ ከተቻለ በቀዶ ሕክምና ክብደትን መቀነስ ይፈቀዳል የሚል ነው። እንግዲህ እናታችን ለበሽታቸው መድኃኒት የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ወንጀለኛ አይደሉም።

ውፍረቱ በሽታ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ መነሻ የሚሆን ቀላል ስሌት አለ። ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ማካፈል፣ የተገኘውንም እንደገና ለዚያው ቁመት ማካፈል ነው። እናታችን 118 ኪሎ ናቸው፣ ቁመታቸው 1.62 ሜትር ነው። ውጤቱ 45 ገደማ ይመጣል። ከ1991 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች የሚሠሩበት ወሰን 40፣ ወይም ስኳርና ደም ግፊትን የመሰለ ከባድ ሕመም ካለ 35 ነበር። በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ወሰኑን ወደ 35 ዝቅ አድርገው፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል ብለዋል።

ይህንን በሰማን ሰሞን አንዲት እህት ከዱባይ ደወለችልን። ኒካሕዋ ቀርቧል፤ 78 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1.65 ነው፣ ከሰርጌ በፊት ልሠራው ወይ አለች። ስሌቱ 29 እንኳ አይሞላም፤ ሕመምም የለባትም። ለእርሷ የሰጠነው መልስ አጭር ነው፦ ደኅና ጨጓራ ለቬሎ ተብሎ አይቆረጥም።

ለመሆኑ ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው? በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። በሁለተኛው ከላይኛው የጨጓራ ክፍል የእንቁላል መጠን ያላት ትንሽ ከረጢት ተሠርታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ሁለቱም የምግቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ከሆድ ወደ አእምሮ የሚላከውን የረሃብ መልእክትም ይለውጣሉ። «አፍሽን ዝጊ» የሚለው የጎረቤት ምክር ለብዙዎች ያልሠራው ሰውነት የለመደውን ክብደት ለመመለስ ስለሚታገል ነው። እነ ደራርቱና ቀነኒሳ የበቀሉባት በቆጂ ቅርባችን ስለሆነች ጉልበቱ ያለቀበትን ሰው ሁሉ «ሩጥ» ማለትም ይቀናናል።

ጥቅሙን በተመለከተ ረጅም ዘመን ከተከታተሉት መካከል ስዊድኖች ይገኛሉ። (ስዊድኖች ለአሰላ እንግዳ አይደሉም፤ ከ1967 ጀምሮ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አባቶቻችን ያውቋቸዋል።) በ1987 የጀመሩት ጥናት ከ4,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነው። ስኳር ከነበረባቸውና ከተሠራላቸው መካከል በሁለተኛው ዓመት 72 ከመቶ ያህሉ ከበሽታው ነጻ ሆነው ተገኙ፤ በአሥረኛው ዓመት ግን 36 ከመቶ ብቻ ቀሩ። የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው ሦስት ዓመት ያህል የበለጠ ዕድሜ ማግኘታቸው በ2020 ታትሟል። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ስኳሩ በቆየና ኢንሱሊን በተጀመረ ቁጥር የመጥፋት ዕድሉ እንደሚቀንስም ለእናታችን ሳንደብቅ ነገርናቸው። መርፌው ይቀንስልዎ ይሆናል፣ ይቀርልዎታል ብለን ግን ተስፋ አንሰጥዎትም አልናቸው።

አደጋውስ? ልምድ ባለበት ቦታ በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ስፌቱ ሊያፈስ፣ ደም በሳንባ ሊረጋ፣ በኋላም የሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል። ክብደቱም ሊመለስ ይችላል። ኳስ ተጫዋቹ ማራዶና በ2005 ኮሎምቢያ ተሠርቶለት በጣም ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ወፍሮ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

እኛ ግን በይበልጥ ያስጨነቀን ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። በአርሲ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጩኮ ይቀርባል፤ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርባል፤ ማርና ወተት ይቀርባል። አልበላም ያለ ሰው ቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። የተሠራለት ሰው ግን በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል፤ ማርና ጣፋጭ ካበዛ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያዞረዋል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጎነጫል። ስለዚህ ረመዳን ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሐኪሙ አትጹም ሊለው ይችላል። ይህ የሕመምተኛ ፈቃድ ነው፤ ሲድን ቀዷ ያወጣል፣ መቼም የማይችል ከሆነ ፊድያ ይከፍላል። መውለድ የምትችል እህት ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል እርግዝናን እንድታቆይ ይመከራል፤ ባልም ይህንን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ቢ 12 ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። ቫይታሚኑን ማን ይገዛል? ልጅቷ ከጅዳ ብትመለስስ? ይህንን ወንድ ልጃቸውን ፊት ለፊት ጠየቅነው፤ ለመመለስ ጥቂት ቀን ወሰደበት።

የቱርኩን ጉዞ በተመለከተ ያሰቡት በጥቂት ቀን ሄዶ መመለስ ነበር። ዋጋው ቀንሷል፣ ሆቴሉም ተካቷል። ነገር ግን ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢነሳ አሰላ ላይ ማን እንደሚያያቸው ለጠየቅነው መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ኢስቲኻራ መስገዳቸውን ነግረውናል፤ መልካም ነው። ኢስቲኻራ ግን ሐኪም ከመጠየቅ ጋር እንጂ በጥያቄው ፋንታ አይሰገድም። ሳምንታዊ የክብደት መቀነሻ መርፌ መምጣቱንም ሰምተናል፤ ሲያቆሙት ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከቢላዋ በፊት ሐኪም ሊጠየቅበት የሚገባ መንገድ ነው።

እናታችን ቲኬቱን አቆይተው አዲስ አበባ የስኳር ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጨጓራቸው በመሣሪያ ሲታይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ ቀዶ ሕክምና ቢሠራም ባይሠራም መታከም አለበት ተብለው መድኃኒቱን ጨርሰዋል። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ከዒድ በኋላ ነው። ይሠሩ አይሠሩ ገና አልወሰኑም፤ እኛም አልገፋናቸውም።

ባለፈው ጁሙዓ ጩኮ አስይዘው መጥተው ነበር። «እኔ አልቀመስኩትም፤ ቅቤው ይብቃ አይብቃ እናንተ ንገሩኝ» አሉን። በቅቶት ነበር።